ዘጌን ከተማሪዎች ጋር፦ ገዳሙን ብቻ ሳይሆን ጫካውንም አሳዩን በሉ

የጣና ሐይቋን ዘጌ ስለ ገዳማቷ የሚያውቃት ብዙ ነው። ስለ ጫካዋ ብሎ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ጫካዋ ነው። የአካባቢው አስጎብኚዎች ለትምህርት ቤት ቡድን የሚሰጡትን የእግር ጉዞ እገመግማለሁ። መምህራን ጓደኞቼ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ብለው ይጠይቁኛል። ወላጆችም እንዲሁ። መልሴ ዘጌ ነው። ነገር ግን ዝም ብሎ መሄድና አስቦበት መሄድ ለየቅል ናቸው።

እኔ መርዓዊ አካባቢ የ7ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ መምህርት ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። መርዓዊ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ርቀቷ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገሩ ሜጫ ነው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ እኛው ዘንድ ነው። ከመስኖው ቀጥሎ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፍ ሳሉ ብላቸው አብዛኞቹ ልጆች ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቅጠል ያለው ግንድ ይስላሉ።

ይህን የምለው ባሕር ዛፍን ለመውቀስ አይደለም። የብዙዎቹ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው በአጠና ሽያጭ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ለገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ደን ንብርብር፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ብስባሽ አስተምራለሁ። ልጆቹ ግን ውስጡ ገብተው ያዩት ደን የላቸውም። አንድ ዓይነት ዛፍ በመስመር የቆመበትን መሬት ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ስለ ንብርብር ንገረኝ ቢሉት ከየት ያመጣዋል?

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ውሃው ዘልቃ የገባች መሬት ናት። በሦስት ጎኗ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በመኪናም ይኬዳል። ጫካው የቡና ጫካ ነው። ከላይ እሼ፣ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራና ሾላ አለ። ከሥር ቡናና ጌሾ። ጣና ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዘጌም በውስጡ ነበረች።

ይህ ጫካ እንዴት ተረፈ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የአገሬው ሰው ስለ አቡነ በትረ ማርያም ይነግራችኋል። ጻድቁ በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሏት አንዷ ቡና፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ሎሚ ሆና በቀለች ይባላል። የዘጌ ሰው እነዚህን ይዞ ይኖራል። መሬቱን በበሬ አያርስም፤ ከብት አያረባም። ክልክል ነው። ለሳይንስ መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ይገኛል? ከብት ካልገባ ችግኝ አይጋጥም፤ አፈሩም አይረገጥም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ያጠኑ የደን ሳይንስ ምሁር ናቸው። እርሳቸውም ከብት ከደኑ ሲታገድ ችግኝ የተሻለ የመውጣትና የማደግ ዕድል እንደሚያገኝ በጥናት አሳይተዋል። በዘጌ ያንን ልጆቻችሁ በዓይናቸው ያዩታል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

ዘጌ ስትደርሱ የአካባቢው ተወላጆች የሆኑ አስጎብኚዎች ታገኛላችሁ። ክፍያው ለየብቻ ነው። ለጀልባው አንድ፣ ለአስጎብኚው ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ከገባችሁ ደግሞ ለመግቢያ። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ለአገር ውስጥ ተማሪ ግን የሚጠየቀው ከውጭ ጎብኚ ያነሰ ነው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ በማኅተም ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛን በጣም ረድቶናል።

ቡድናችን ትልቅ ስለነበር ለሁለት ከፈልነው። አንዱን ቡድን የወሰደው ወጣት አስጎብኚ ነው። አንደበቱ የተባ ነው፤ የነገሥታቱን ታሪክና ሥዕሎቹን ጠንቅቆ ያውቃል። ዛፍ ጋ ሲደርስ ግን «ይህ ዋንዛ ነው፣ ይህ ብርብራ ነው» እያለ ያልፋል። ልጆቹ ስሙን ይጽፋሉ፤ ይከተሉታል። አንዲት ልጅ በኋላ ደብተሯን ስታሳየኝ አሥራ ምናምን የዛፍ ስም በመስመር ተጽፏል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አልቻለችም።

ሁለተኛውን ቡድን የመሩት ጎልማሳ ሰው ናቸው። የራሳቸው የቡና ይዞታ አላቸው። አስጎብኚነቱ ትርፍ ሥራቸው ነው። ልጆቹ ወዲያው «ጋሼ» አሏቸው። ገና ከጀልባው እንደወረድን አንዷ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ በሬ ከሌላችሁ ምን ትበላላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። በጎጃም ገበሬ ቤት ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እርሳቸውም እንደ ቀላል አላዩትም። ቆም ብለው መለሱላት። «ቡናና ጌሾ ሸጠን ጤፍ እንገዛለን፣ ልጄ። አባትሽ ያረሰውን እኛ እንበላለን። እናትሽ ደግሞ በእኛ ጌሾ ጠላ ትጠምቃለች።» ልጅቷ ለአፍታ ዝም አለችና «እንግዲያው እዚህ ጫካ ከጠፋ ጌሾውም ይወደዳል» አለች። የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ገና ከጀልባው ሳንርቅ አለቀ።

እኚህ ሰው ሲያስጎበኙ አይቸኩሉም። ብርብራው ሥር ቆሙና የደረቀ ቆባ አንስተው ሰበሩት። ፍሬውን ለልጆቹ አደሏቸው። ዱሮ አሣ አጥማጅ ይህን ፈጭቶ ውሃ ውስጥ ይበትነው እንደነበር ነገሯቸው። ዓሣው ይፈዝና ይንሳፈፋል። ግን ትልቁም ትንሹም አብሮ ስለሚያልቅ መጥፎ እንደሆነ ጨመሩ። እኔም በዚያው ቀጠልኩ። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዓሣው ውሃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ ሴሎቹ ሊጠቀሙበት ያቅታቸዋል። ስለ ሕዋሳት ትንፈሳ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያ ቀን የገባቸው ግን የለም።

ከዚያ ደግሞ ብርብራ ለምን ቡናው መሃል እንደሚተው ጠየቅናቸው። «ቅጠሉ ሲረግፍ ለአፈሩ ምግብ ነው፤ ጥላውም ለስላሳ ነው» አሉ። አንድ ትንሽ የብርብራ ችግኝ በፈቃዳቸው ነቅለን ሥሩን አየን። ጥቃቅን እብጠቶች አሉበት። ከባቄላ ሥር የምናውቃቸው ናቸው። ብርብራና ባቄላ ዘመዳሞች እንደሆኑና ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች እዚያ እብጠት ውስጥ እንደሚኖሩ አስረዳኋቸው። ብርብራ በተፈጥሮው በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ ልጅ ግንዱን እንደገና ዞር ብሎ አየው።

ዋንዛው ጋ ደግሞ ሌላ ሆነ። ከተማሪዎቼ አንዱ ዲያቆን ነው። አስጎብኛችን የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከዋንዛ ግንድ እንደሚሠራ ሲናገሩ ልጁ ሄዶ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ማንም አልሳቀበትም። ሌሎቹም ተራ በተራ መቱት።

ከፍ ብሎ ደግሞ ምንቃሩ ላይ ቀንድ መሰል ነገር ያለው ትልቅ ወፍ ሾላው ላይ ፍሬ ይበላ ነበር። አስጎብኛችን ዝም በሉ ብለው አስቆሙን። ወፉ ከሄደ በኋላ ሥሩ የወደቀውን ኩስ እንጨት ይዘን መረመርነው። ውስጡ ፍሬ ነበር። ዘር የሚዘራ ወፍ ማለት ይኸው ነው። ይህን ማንም ከመጽሐፍ ላይ ሊያሳየው አይችልም።

ምክሬ ግልጽ ነው። ስትደውሉ ወይም ስትደርሱ «ቡና ያለው፣ ጫካው ውስጥ የሚሠራ ሰው ስጡን» በሉ። የታሪክ ባለሙያውን ለሌላ ቀን አቆዩት። የሁለቱ ልዩነት በማዕረግም በምስክር ወረቀትም አይደለም። ጫካው ላይ ኑሮው የተመሠረተ ሰው ለምን የሚለውን ያውቃል። ልጅ የሚጠይቀው ደግሞ ለምን ብሎ ነው።

ነገር ግን አስጎብኚው ብቻውን አይበቃም። መምህሩ የሚሠራ ሥራ ይዞ ካልሄደ ልጆቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝንጀሮ ፍለጋ ይበተናሉ። እኛ የያዝነው ርካሽ ዕቃ ነው። ሲባጎ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የሳልሳ ቆርቆሮ፣ የሶፍት ካርቶን ጥቅልልና እርሳስ።

በሜትሩ የግንድ ዙሪያ ለካን። የደን ባለሙያዎች የሚለኩት ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እኛም እዚያው ለካን። ዙሪያውን ለ3.14 ስታካፍሉት የግንዱ ውፍረት ይወጣል። ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ያለ ልመና አካፈሉ። አንድ ትልቅ እሼ ግን ሜትራችን አልበቃውም፤ በሲባጎ ከበብነውና ሲባጎውን ለካን።

በሶፍት ጥቅልሉ ደግሞ ወደ ላይ አየን። እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት እየተራመደ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። መሃሉ ላይ ቅጠል ካየ «ቅጠል»፣ ሰማይ ካየ «ሰማይ» ይላል። ጓደኛው ይመዘግባል። ከ20 ጊዜ ውስጥ ስንቱ ቅጠል እንደሆነ ሲቆጠር ጫካው ምን ያህል እንደተሸፈነ ታውቃላችሁ። መንደሩ ዳር ላይም እንዲሁ አድርገን አወዳደርን።

ከሁሉም የወደዱት ግን የቆርቆሮውን ነው። የሳልሳ ቆርቆሮ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠን፣ እጅ እንዳይቆርጥ ስለቱን በፕላስተር ሸፈንነው። አፈሩ ላይ ጫን አድርገን ተከልነው። አንድ ኩባያ ውሃ አፈሰስንበትና በስልክ ሰዓት ያዝን። ቡናው ሥር ያለው ብስባሻም አፈር ውሃውን ወዲያው ጠጣው። ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ግን ውሃው ቆርቆሮው ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ልጆቹ አላምን ብለው ቦታ እየቀያየሩ ደጋገሙት። አንዱ «ቲቸር፣ እኛ አገር ክረምት ላይ ጎርፉ ለምን እንደሚመጣ አሁን ገባኝ» አለኝ። ስለ ግጦሽ መሬታቸው ነው ያሰበው። እኔ አልነገርኩትም።

በመጨረሻ የሠራነው ከሁሉም የከበደ ነበር። በሲባጎ ካሬ ሠርተን በውስጡ ያሉትን ለጋ ችግኞች ቆጠርን። የቡና ችግኝ ሞልቷል። የትልልቆቹ ዛፎች ልጆች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እሼማ ከናካቴው የሌለበት ካሬ ብዙ ነው። አንዲት ተማሪ ቀና ብላ ያንን ትልቅ እሼ እያየች «ጋሼ፣ ይህ ሲሞት ማን ይተካዋል?» አለቻቸው።

መልሳቸውን እስካሁን አከብረዋለሁ። አልሸሹም። «ቡናው እንዲያፈራ ሥሩን እንመነጥራለን። ስንመነጥር የዛፉም ልጅ አብሮ ይሄዳል። እውነት ነው፣ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወደ አንድ ጥግ ወሰዱን። ሆን ብለው የተዉትን ወጣት ዛፍ አሳዩን፤ አጠገቡ እንጨት ተክለው ምልክት አድርገውበታል። የሚመነጥረው ሰው እንዳይቆርጠው ነው። በጀልባ ስንመጣ ማገዶ የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ አይተን ነበር። ልጆቹ ስለዚያም ጠየቁ። እርሳቸውም ቡና ባልያዘበት ዓመት እህል የሚገዛበት ያጣ ሰው እንጨት እንደሚሸጥ በግልጽ ነገሯቸው። ደን የሚጠፋው በክፉ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ልጆቹ የሰሙት ከዚያው ጫካ ከሚኖር ሰው አፍ ነው። ለዚህ ብቻ ብዬ ደግሜ እከፍላለሁ።

ጉድለቱንም ልናገር።

ጀልባው ላይ ለልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት አልነበረም። ያለው የአዋቂ ነው፤ ለትንንሾቹ ይሰፋቸዋል። የጀልባውን ባለቤት «ልጅ ነው የምንጭነው ብለን ነግረንህ ነበር» ብለው ትከሻውን ነቀነቀ። ሌላ ጀልባ እስኪመጣልን ቆመን ጠበቅን። ሐይቅ ላይ ከሰው ልጅ ጋር ቀልድ የለም። እናንተም ጃኬቱን ሳታዩና ልጆቹ ላይ ሳታስሩ አትነሱ። ጀልባው ካልተመቻችሁ በየብስ ሂዱ፤ መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰላሙንም ጭምር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ቡናው ነው። ከጉዞው በኋላ አንድ ቤት ገብተን ቡና ተፈላልን። ልጆቹ ከዛፉ እስከ ሲኒው ያለውን ሁሉ ስላዩ ደስ ብሏቸዋል። ቡናውም ግሩም ነው። ዋጋው ግን ቀድሞ አልተነገረንም፤ ስንነሳ የተጠየቅነው ካሰብነው በላይ ነበር። ተጨቃጭቄ አልወጣሁም፤ እናትየው ደክመውበታል። ቢሆንም የመንግሥት ትምህርት ቤት ገንዘብ ደረሰኝና ዕቅድ ይፈልጋል። ቡናውን ጨምሮ ሁሉንም ዋጋ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ሦስተኛ፣ አስጎብኚዎቹ ጉዞውን ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ዕቃ ሻጮቹ ማዘንበል ይቀናቸዋል። የለመዱት መንገድ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እኛም ገብተን አይተናል፤ ሥዕሎቹ ዕፁብ ናቸው፤ ልጆቹ ማየት አለባቸው። ነገር ግን መጀመሪያ ሥዕሉን ካዩ ለጫካው ጉልበት አይተርፋቸውም። ጫካውን ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያኑን በኋላ አድርጉት። ሴት ተማሪዎች ላሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሐይቁ ላይ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይገባሉ። የጀልባ ጉዞውን ስታቅዱ ይህን ካላሰባችሁ ግማሹ ክፍል ጀልባ ላይ ይቀራል። እኔ እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ሴቶቹን ማስቀረት አልወድም።

መጸዳጃ ቤት ችግር ነው። በእጅ የሚሰጥ ጽሑፍም የለም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የዛፎቹ ስምና የቅጠላቸው ሥዕል ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር! እኛ ራሳችን ቅጠል ከወረቀት ሥር አድርገን በእርሳስ እየፈተግን ሠራነው። የወደቀ ቅጠል ብቻ ተጠቀምን። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ለአንድ አስጎብኚ ከ15 ልጅ በላይ አታሲዙ፤ ከኋላ ያለው ምንም አይሰማም።

ይህን ሁሉ አይቼ ለጫካው ጉዞ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። የታሪኩን ጉዞ ለብቻው ስጪ ብትሉኝ ለተማሪ 3 ነው። ከጫካው ጉዞ ያቺን አንድ ኮከብ የቀነስኩት ስለ ጃኬቱና ስለ ዋጋው ነው፤ ስለ ትምህርቱ አይደለም።

አንድ አገልግሎት ጥሩ መሆኑን የማውቀው ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ በሚያደርጉት ነው። እኛ ስንመለስ ያንኑ ቆርቆሮና ሲባጎ ይዘን ትምህርት ቤታችን አጠገብ ወዳለው ደብር ሄድን። አስተዳዳሪውን አስፈቀድን፤ እርሳቸውም ባርከው ፈቀዱ። ቅጽሩ ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና አንድ ዋርካ አለ። ልጆቹ በዚያ በኩል በየእሑዱ ያልፋሉ። የግንዱን ዙሪያ ለክተው አያውቁም ነበር። ቆርቆሮውን ቅጽሩ ውስጥ፣ ከቅጽሩ ውጭ ግጦሹ ላይና ባሕር ዛፍ ሥር ተከሉት። ውጤቱን በሦስት ዓምድ ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ባሕር ዛፉ ሥር ያለው አፈር ከግጦሹ የተሻለ ጠጣ፤ ከቅጽሩ ግን አነሰ። ይህን እውነት እንዳለ እንዲጽፉት ነገርኳቸው።

ስሙን የማናውቀው ዛፍ ሲያጋጥመን የልጆቹን አያቶች ጠየቅን። የአንዱ ልጅ አያት ቅጽሩ ድረስ በምርኩዝ መጡልን። ወይራው የወተት ዕቃ እንደሚታጠንበት፣ ክትክታውን፣ እንዶዱን፣ የትኛው ለምን እንደሚሆን እየዞሩ ነገሩን። ወንዙ ዳር ዱሮ ዶቅማ እንደነበረና በልጅነታቸው ፍሬውን ይለቅሙ እንደነበር ነገሩን። አሁን እዚያ አንድም የለም። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶቅማ ዘር ከየት እናምጣ እያሉ ነው። ከዘጌ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ወድቆ ያገኘነውን የብርብራ ዘር በላስቲክ ዘርተናል። ቶሎ ወጣ። ዋንዛው ገና ነው፤ ልጆቹ በየጠዋቱ ሄደው ያዩታል።

ለምትሄዱ ደግሞ ጥቂት ነገር። የቡናው ፍሬ ሲቀላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብትሄዱ ለቀማውንም ታያላችሁ። በክረምት መንገዱ ያንሸራትታል፤ ሲባጎና ወረቀት ይዞ መሥራት አይቻልም። ሁሉም ልጅ የተሸፈነ ጫማ ያድርግ። ውሃና ምሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ምሳ ይሁን። የፕላስቲኩን ጠርሙስ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ አስጎብኚዎቹ ይህን ከማንም በላይ ያከብራሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀልባው ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሳ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ከዘጌ ተነሱ።